50 ኤፍ 1.4 ወይስ ያለኝ 50 ኤፍ 1.8? ባህር ዛፍና ነጭ ነጠላ አስቸግረውኛል

ለገጣፎ_ልጅ፦
ሰላም ወገኖች። የምርቃትና የሠርግ ፎቶ ሱሉልታ ሜዳና ለገጣፎ አካባቢ ነው የማነሳው። ካሜራው ካነን ፉል ፍሬም፣ ሌንሱ 50 ኤፍ 1.8 ኤስቲኤም (50ው ሚሊሜትር ነው፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ የሌንሱ ቀዳዳ ይሰፋል)። ወደ 50 ኤፍ 1.4 ዩኤስኤም ብቀይር ምስሉ ላይ የሚታይ ለውጥ አለው? ከጀርባ ባህር ዛፍ ሲሆን በቅጠሉ መሀል የሚያልፈው ብርሃን ይንጫጫል፤ ነጭ ነጠላ ጠርዝ ላይም ሐምራዊ መስመር ይወጣል።

ባለሌንሱ፦
በብርሃን የሚበላለጡት በሁለት ሦስተኛ ስቶፕ ብቻ ነው (አንድ ስቶፕ የብርሃን እጥፍ ነው)፤ ለእሱ ብለህ ብር አታውጣ። የሚለያዩት በጠባይ ነው። 1.4ቱ ሙሉ ሲከፈት ደማቅ ነገር ዙሪያ ስስ ጭጋግ ያለብሳል፣ ኮንትራስቱም ይወርዳል፤ በሌንሱ ዳር የሚገባው ብርሃንና በመሀሉ የሚገባው አንድ ነጥብ ላይ አይገናኙማ። ለፊት ቆዳ የሚወዱት አሉ። ለጥበብ ጥልፍ ግን አልመርጠውም፣ ክሩ ይሟሟል። ኤፍ 2 ላይ ይጠራል፣ 2.8 ላይ ጭጋጉ የለም።

ባህር ዛፉን አይፈታልህም። የብርሃኑ ክብ ጠርዙ ከመሀሉ ሲደምቅ ነው ጀርባው የሚንጫጨው፤ ሁለቱም ላይ አለ። ፍሬሙ ዳር ላይ ክቡ እንደ ድመት ዓይን የሚሞላለለው ደግሞ የሌንሱ በርሜል ብርሃኑን ስለሚቆርጠው ነው፤ ትንሽ ስትዘጋው ይከብባል። የአፐርቸሩ (የብርሃን ቀዳዳው) ምላጭ ያንተ 7፣ የ1.4ቱ 8 ነው፤ ልዩነቱ አይታይህም። (ባለ 5 ምላጩን የድሮ 1.8 ብቻ እንዳትገዛ፤ ሲዘጋ አምፖሉን ሁሉ አምስት ማዕዘን ያደርገዋል።)

ጥላ_ብርሃን፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ግን ለምን 50 ላይ ትቆማለህ? 85 ኤፍ 1.8 አለልህ። ሚሊሜትሩን ለኤፍ ቁጥሩ አካፍለው፦ 50 ለ1.8 ወደ 28፣ 50 ለ1.4 ወደ 36፣ 85 ለ1.8 ወደ 47። ሰውየውን ፍሬም ውስጥ በእኩል መጠን ካስቀመጥከው፣ የራቀውን ጀርባ የሚያጠፋው ይኸው ቁጥር ነው፤ ሲበልጥ ይበልጥ ያጠፋል። ደግሞም ሙሽሮቹን ከዛፉ 15 እርምጃ አርቃቸው፤ ዛፉ ስር አስጠግተህ የትኛውም ሌንስ አያድንህም።

ሐምራዊው ግን 85ም ላይ አለ፣ ሙሉ ሲከፈት እንዲያውም ይብሳል። ከፎከሱ ፊት ሐምራዊ፣ ከኋላው አረንጓዴ ነው። ነጠላውን ከሰማይ ጋር አታጋጥመው፣ 2.8 ላይ አንሳ፤ የቀረውን ላይትሩም (የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም) ላይ በዲፍሪንጅ (የጠርዝ ቀለም ማጥፊያው) ታጠፋዋለህ።

ለገጣፎ_ልጅ፦
እሺ ወንድሜ። ቀን ስድስት ሰዓት ላይስ 1.4 መክፈት ይቻላል?

ባለሌንሱ፦
ጠራራ ፀሐይ ላይ በአይኤስኦ 100 (አይኤስኦ የካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት ነው) ወደ 1/12800 ሰከንድ የመዝጊያ ፍጥነት ይፈልጋል፤ ካሜራህ ግን 1/4000 ወይ 1/8000 ላይ ይቆማል፣ ነጠላው ይቃጠላል (በብርሃን ብዛት ዝርዝሩ ጠፍቶ ነጭ ብቻ ይሆናል)። ኤንዲ 8 (ብርሃኑን ወደ አንድ ስምንተኛ የሚቀንስ ጥቁር ማጣሪያ) ስታስርበት 1/1600 ይደርሳል። ባለ 58 ሚሜውን ግዛ፤ ለ50 ኤፍ 1.4ቱም ለ85 ኤፍ 1.8ቱም ልኩ አንድ ነው። ያንተ 1.8 49 ሚሜ ስለሆነ በመሸጋገሪያ ቀለበት ይገባለታል።