ክርክር፦ የደሴ ፒያሳ አሮጌ የባንክ ቤቶች «የጣሊያን ድንጋይ» ናቸው?

የአራዳ ልጅ፦ ትናንት እዚሁ ግሩፕ ላይ ስለ አሮጌ የባንክ ቤቶች ስናወራ አንዱ «የጣሊያን ድንጋይ ነው፣ መንገድ ከዘጋ ይፍረስ» አለ። አንጀቴን ነው ያሳረረው! ባንክ ደሴ የገባው ከጣሊያን በፊት ነው። የኢትዮጵያ ባንክ በ1923 ዓ.ም. የድሮውን የአቢሲኒያ ባንክ ተክቶ ሲቋቋም ከድሬዳዋ፣ ከጎሬ፣ ከሐረርና ከደብረ ታቦር ጋር ደሴም ቅርንጫፍ ነበረው። ያውም የመንግሥትና የአገሬው ሰው ባንክ!

ኮምቦልቼው፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አልመልሰውም። ቅርንጫፍ መኖሩ ሌላ፣ ዛሬ የቆመው ግንብ ሌላ። ኅዳር 1928 ደሴን በአውሮፕላን የደበደበ ጠላት የገነባውን ቅርስ ብዬ አልጠራም።

ዘሃራ (ሰኞ ገበያ)፦ ወንድም ዓለም፣ ድንጋዩን ከሮም አላመጣውም እኮ። የፈለጠውም የተሸከመውም የእኛ ሰው ነው።

ኮምቦልቼው፦ አስገድዶ ያሠራውን ነው የምትዪኝ? እሱማ ይበልጥ ይፍረስ።

ሰዒድ፦ የአሰብን መንገድስ ማን ጠረገው? ኮምቦልቻ የደለበችው በዚያ መንገድ አይደል? ለምን አታፈርሰውም?

ኮምቦልቼው፦ መንገድ ያስኬዳል፣ እህል ያመጣል። ይሄ ግንብ ምን ይሠራል? ደግሞ ኮምቦልቻን አትንኳት፤ ፋብሪካው ያለው እኛ ጋ ነው።

ሰዒድ፦ ፋብሪካውን ማን አነሳው አሁን?

ጡረተኛው፦ ልጆቼ፣ እረፉ። ዕድሜዬን ባንክ ነው የሠራሁት። የድሮ ባንክ ግድግዳው ወፍራም፣ አዳራሹ ከፍ ያለ፣ መስኮቱ በብረት የታጠረ የሆነው ለጌጥ አይደለም፤ ብሩ በዚያ ነበር የሚጠበቀው። ነጋዴው የቡናውንና የቆዳውን ገንዘብ አምኖ ሲሰጥ ያንን ግንብ አይቶ ነው። አዲስ አበባ ላይ አንሪ ሾሜት የነደፈውን ክቡን የንግድ ባንክ ሕንጻ ተመልከቱ። ባንኩ በ2014 ከ200 ሜትር በላይ ፎቅ እዚያው አካባቢ ሲያስመርቅ ክቡን አላፈረሰውም። አዲሱም አሮጌውም ቆመዋል።

ኮምቦልቼው፦ ጋሼ፣ በአክብሮት፣ ያ ሕንጻ የራሳችን መንግሥት ያሠራው ነው፣ የጠላት አይደለም። ደግሞስ አዲስ አበባ በ2016 ፒያሳን አላፈረሰችም?

የአራዳ ልጅ፦ አፈረሰች፤ ሰዉም እስከዛሬ ያዝናል። ደሴ ያንን ትድገም ነው የምትለው?

ጌትነት፦ ቅርስ የምትሉ ከሆነ አይጠየፍን አድኑ፣ የንጉሥ ሚካኤልን አዳራሽ። ለባንክ ቤት ይህን ያህል መናደድ አልገባኝም።

ዘሃራ፦ አይጠየፍም ይዳን፣ ይሄም ይዳን፣ ማን አማርጡ አለን? ሙዚየማችን በ2014 ጦርነት ተዘረፈ፤ ሙዚየሙ የነበረበት የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ ቤት ግድግዳው ቀረን። የሚዘረፈው ሲዘረፍ የሚቀረውን እኛው በግሬደር እንናደው?

ኮምቦልቼው፦ ሙዚየሙን ከዚህ ጋር አታገናኙት፤ እኔም አልቅሼበታለሁ።

ዘሃራ፦ አብሽር፣ አውቃለሁ። ግን አንዴ መልስልኝ፤ የትኛው ቤት መቼ እንደተሠራ፣ የማን ባንክ እንደነበረበት ሳይጠና ይፍረስ ነው የምትለው?

ኮምቦልቼው፦ ይጠና፣ ፎቶ ይነሳ፣ ከዚያ ይፍረስ።

የአራዳ ልጅ፦ «ፎቶ ይነሳ» አለ! ጋሼ፣ ይሰማሉ?

ጡረተኛው፦ እሰማለሁ። ነገ ከዙሁር ሶላት በኋላ ፒያሳ ነኝ፤ የፈለገ ይምጣ፣ የትኛው ቤት ምን እንደነበረ እየዞርኩ አሳየዋለሁ።

ኮምቦልቼው፦ እመጣለሁ። ሐሳቤን ግን አልቀይርም።