ውሻችሁ የኋላ እግሯን መጎተት ከጀመረች፦ ዲኤምቪ (ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ) አካባቢ ላላችሁ ጥቆማ

የኔዋ ውሻ ስሟ ቡኒ ነው፤ ዳክስሁንድ ናት፣ 6 ዓመቷ ነው። አንድ ማታ ከሶፋ ዘላ ስትወርድ ጮኸች። ጠዋት የኋላ እግሮቿ ይንገዳገዱ ነበር።

ዳክስሁንድና ፍሬንች ቡልዶግን በመሳሰሉ እግረ አጭር ዝርያዎች የአከርካሪው ዲስክ (በአጥንቶቹ መሀል ያለው ትራስ መሰል ነገር) ገና በልጅነታቸው መድረቅ ይጀምራል። አንድ ቀን ይፈነዳና ነርቩን ይጫነዋል።

መጀመሪያ ሰፈራችን ያለ ክሊኒክ ወሰድኳት። ራጅ አንስተው «አጥንቷ ደህና ነው» ብለው መለሱን። ነርቩ መጫኑን ግን ራጅ አያሳይም፤ የሚያሳየው ኤምአርአይ ነው። ሁለት ቀን በከንቱ አለፈብን፣ አሁንም ያንገበግበኛል።

ስለዚህ የነርቭ ስፔሻሊስት ፈልጉ። ቨርጂኒያ ላላችሁ ፌርፋክስ ያለው ሳውዝፖውስ የእንስሳት ሆስፒታል ይቀርባል። ዲሲ ያለው ፍሬንድሺፕ የእንስሳት ሆስፒታል ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ነው። ሳትነሱ ደውሉና «የነርቭ ሐኪም ዛሬ አለ? ኤምአርአይስ?» በሉ።

የሚያማት ወይም የምትንገዳገድ ብትሆንም መራመድ ከቻለች፣ ብዙ ጊዜ ቢያንስ 4 ሳምንት ኬጅ ውስጥ ጥብቅ እረፍት ይታዘዛል። መቆም ካቃታት ግን በዚያው ቀን ሂዱ። ሐኪሙ ስሜት እንዳላት ለማየት ጣቷን ሲቆነጥጥ ልብ በሉ። እግሯን መሳቧ ብቻ አይበቃም፤ ዞር ብላ ማየት ወይም መጮህ አለባት። ካልተሰማት ሰዓቷ እየሮጠ ነው። ያኔም ቢሆን ቀዶ ጥገና ከተደረገላቸው ግማሽ ያህሉ መልሰው ይራመዳሉ፣ ተስፋ አትቁረጡ።

ዋጋው ከባድ ነው። ኤምአርአይና ቀዶ ጥገናው አንድ ላይ 10,000 ዶላር ሊያልፍ ይችላል። ኢንሹራንስ ደህና እያለች ግቡላት፤ ከታመመች በኋላ ያንን በሽታ አይሸፍኑም።

ከዕቃ ደግሞ፦ የሽቦ ኬጅ ከላዩ ክፍት ከሆነው አጥር ይሻላል። አጥሩን ተደግፋ ትቆማለች፣ ያ ደግሞ ጀርባዋን ይጎዳል። በአንገት ማሰሪያው ፈንታ የደረት ማሰሪያ ግዙ፤ እኔ ሩፍዌር የሚባለውን ብራንድ ወድጄዋለሁ። ለሆዷ ድጋፍ ፎጣ ይበቃል። ዎኪን ዊልስ የሚባለውን ጋሪ ግን ሐኪም ሳይፈቅድ እንዳትገዙ፣ መጀመሪያ እረፍት ነው የሚያስፈልጋት።

አደራ፣ አድቪል (የሰው የህመም ማስታገሻ) እንዳትሰጧት! ለውሻ መርዝ ነው። ስቴሮይድና ሌላ የህመም ማስታገሻም ያለ ሐኪም አትደባልቁ።

ቡኒ በእረፍት ብቻ ተነስታለች። ኬጇ ባዶ ነው፤ አሌክሳንድሪያ አካባቢ የሚፈልግ ካለ አውሰዋለሁ።