ንቦች የግቢያችንን ኩሬ ወረሱት፣ ምን ይሻላል?

ማህደር (ጠያቂ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። አዳማ ነው ያለነው። ባለቤቴ አምና ግቢያችን ውስጥ ትንሽ የሲሚንቶ ኩሬ ሠራ፤ አሳም ጨምረንበታል። ሙቀቱ ከበረታ ወዲህ ግን ከጠዋቱ 4 ሰዓት ጀምሮ ዳር ዳሩ በንብ ይሞላል። ተርብም ያለ ይመስለኛል። ትናንት የ4 ዓመት ልጄ በባዶ እግሯ ስትሮጥ አንዷን ረገጠች፤ እሪታዋ ሰፈር አደረሰ። ጎረቤቴ "ፍሊት ንፊበት" ትለኛለች። ባለቤቴ ደግሞ አካፋ ይዞ "በአፈር ልድፈነው" እያለ ነው። አሳዎቹ አሳዘኑኝ።

ናቲ፦ ማታ ላይ ፍሊት ነፍተሽ ተገላገይ። እኛ ኮርኒስ ውስጥ ለገባብን ሠርቷል።

ንብ አናቢው፦ ናቲ ወንድሜ፣ ተው። ፍሊቱ ውሃው ላይ ካረፈ ቀድሞ የሚያልቀው አሳው ነው። ደግሞ ማታ ኩሬው ላይ ንብ የለም፤ ሁሉም ቀፎው ገብቷል። ማን ላይ ልትነፋ ነው?

ማህደር፣ እነዚህ አንቺ ግቢ ቤት የሠሩ አይደሉም፤ ውሃ ቀጂዎች ናቸው። በሙቀት ጊዜ ውሃውን ቀፎው ውስጥ ጠብ ጠብ ያደርጉትና በክንፋቸው ያራግቡታል፤ በዚያ ነው የሚቀዘቅዝላቸው። ብርቱ ቀፎ በሞቃት ቀን እስከ 1 ሊትር ሊፈጅ ይችላል። አንዴ የለመዱትን ቦታ ደግሞ በቀላሉ አይለቁም። ጭስም ብታጨሺ ዞረው ይመጣሉ፤ ጭስ ለቀፎ ነው።

ስለዚህ ማባረሩን ተይና አዛውሪያቸው። ሰፊ ዝርግ ሳህን ውሰጂ። ጠጠር ሙይበትና ከኩሬው ውሃ አድርጊበት፤ ሽታውን ያውቁታል። ጠጠሩ ከውሃው ብቅ ይበል፣ ካልሆነ ይሰምጣሉ። ቁንጥር ጨው ብትጨምሪ ይወዱታል። ጨውን ለሳህኑ ብቻ! መጀመሪያ እነሱ በሚያርፉበት ጠርዝ አጠገብ አስቀምጪው። ሲለምዱት በየቀኑ አንድ እርምጃ ወደ ጓሮ አርቂው። አደራ፣ እንዳይደርቅ። አንድ ቀን ደረቅ ሆኖ ካገኙት ወደ ኩሬው ይመለሱና ድካምሽ ገደል ይገባል።

ሰላም፦ የእኛም እንዲሁ ነበር። ንቧ የምታርፈው ጠርዙ ላይ ያለው አረንጓዴ የሚያዳልጥ ነገር ላይ ነው። እሱን በብሩሽ ፈግፍገሽ አንሺው። በቀን ደግሞ አሮጌ አጎበር ወጥሪበት። መቆሚያ ስታጣ ወደ ሳህኑ ትሄዳለች።

ማህደር፦ ተርብ መሆኑን በምን ልለይ?

ከቨርጂኒያ፦ ንቧ ጸጉራም ናት። ተርቧ ልሙጥ ናት፣ ወገቧ ክር ያህል ነው፤ አንዳንዷ ስትበር ረጃጅም እግሮቿ ይንጠለጠላሉ። የጣሪያውን ቆርቆሮ ጫፍ ከሥር እዪው፤ ወረቀት የመሰለ ቤት ካለ እሷ ናት። እኛ ጋ መሬት ውስጥ የሚኖር ቢጫ ተርብ አለ። በጋው ሊያልቅ ሲል ሥጋ ጥብስና ለስላሳ ላይ ይሰፍራል፤ ጠርሙስ ውስጥ ገብቶ ከንፈር ይነድፋል። ምግብና ቆሻሻ ከኩሬው አርቂ።

ሲስተር፦ ስለ ልጅቷ ልጨምር። ንብ መርፌዋን ትታ ነው የምትሄደው፣ መርዙም ንቧ ከሄደች በኋላ ከመርፌው መፍሰሱን ይቀጥላል። ወረንጦ ፍለጋ ጊዜ አታጥፊ፤ በጥፍርሽ ፋቅ አድርገሽ አውጪው። ከዚያ በረዶ በጨርቅ። ተርብ ግን መርፌ አትተውም፣ ደጋግማም ትነድፋለች። ፊት ወይም ከንፈር ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ቀጥታ ሆስፒታል ነው።

ማህደር፦ ዛሬ 9ኛ ቀኔ ነው። ቆርቆሮው ሥር የተርብ ቤት አላገኘሁም። ሳህኑ የሎሚው ዛፍ ሥር ደርሷል። በ3ኛው ቀን ገበያ ስውል ደርቆብኝ ሁሉም ተመልሰው ነበር፤ እንደ አዲስ ጀመርኩ። አሁን ኩሬው ላይ አራት አምስት ግትሮች ብቻ ቀርተዋል። ልጄ ጫማ ሳታደርግ አትወጣም። ባለቤቴ አካፋውን መልሶ ጠዋት ጠዋት ሳህኑን ራሱ ይሞላል፤ ጠጠሩን ግን በየቀኑ ካልደረደርኩ ይላል።