«ኤንታይትልመንት»ን በአማርኛ ምን ብንለው ይሻላል?

ጥያቄ (ከተርጓሚዋ)

ሰላም ለሁላችሁም። አሜሪካ ውስጥ ለሚኖሩ አረጋውያን ወገኖቻችን ከመንግሥት የሚላኩ ደብዳቤዎችን እተረጉማለሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ አባት በስልካቸው የደረሳቸውን መልእክት ይዘው መጡ። መልእክቱ መንግሥት ሶሻል ሴኩሪቲን (የአሜሪካን የጡረታ ክፍያ) «የፌዴራል ጥቅማ ጥቅም ክፍያ» ብሎ መጥራት እንደ ጀመረና በዚህም የሠራተኛውን ገንዘብ ወደ ችሮታ እንደ ለወጠው ይናገራል። እኚህ አባት በፓርኪንግ ሥራ 26 ዓመት ያገለገሉ ናቸው። በፕላስቲክ ጠቅልለው ያኖሩትን የድሮ የደመወዝ ወረቀት አወጡና «ፊካ» (ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር ከደመወዝ የሚቆረጠው መዋጮ) ከሚለው መስመር ላይ ጣታቸውን አሳርፈው «ልጄ፣ ይህ ታዲያ ዳረጎት ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

አይደለም አልኳቸው፤ ቤቴ ስገባ ግን የገዛ ሥራዬ አስጨነቀኝ። የኮንግረስ አባላት ስለ በጀት ሲከራከሩ የሚያነሡትን «ኤንታይትልመንት» የሚለውን ቃል አንድ ጊዜ «መብት»፣ ሌላ ጊዜ «የሚገባ ጥቅም»፣ ከዓመታት በፊት ደግሞ «ድጎማ» ብዬ ጽፌዋለሁ፤ በመጨረሻው ዛሬም እጸጸታለሁ። የትኛው ነው ትክክል? የፖለቲካውን ወገንተኝነት ሳልሸከም ልተረጉመው የምችልበት ቃልስ ይኖራል?

መልስ 1 (ከአንድ የሕግ ባለሙያ)

በመጀመሪያ አባታችንን ያረጋጉልኝ። ሶሻል ሴኩሪቲ ስሙ አልተለወጠም። «የፌዴራል ጥቅማ ጥቅም» የሚለው አጠራር ከተለያዩ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ለሚወጡ ክፍያዎች የወል መጠሪያ ሆኖ የቆየ ነው። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ2011 ሥራ ላይ የዋለው የአሜሪካ ግምጃ ቤት ደንብ በዚሁ አጠራር የሶሻል ሴኩሪቲንና የጦር ጉዳተኞችን ክፍያ በአንድነት የሚጠቅሰው፣ ባንክ ውስጥ የገባውን ገንዘብ አበዳሪዎች እንዳይወስዱት ለመጠበቅ ነው።

«ኤንታይትልመንት»ን በተመለከተ፣ ቃሉ ከስድብ አልተወለደም። በነሐሴ 1935 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የፈረሙት ሕግ ራሱ መስፈርቱን ያሟላ ሰው ክፍያው «ይገባዋል» ይላል። ይህም ማለት ባለሥልጣን በፈቃዱ የሚሰጠው፣ ሲከፋውም የሚነሣው አይደለም ማለት ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1970 በጎልድበርግና በኬሊ ጉዳይ ድሆች የሚያገኙት እርዳታ እንኳ ተቀባዩ አስቀድሞ ሳይሰማ እንዳይቋረጥ ሲወስን ያረፈው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው። በ1974 የወጣው የበጀት ሕግ ደግሞ ቃሉን የሒሳብ አነጋገር አደረገው፤ መስፈርቱን ላሟላ ሁሉ መንግሥት ሊከፍል የሚገደድበት ወጪ ማለት ሆነ። ከዚያ ወዲህ ወጪ ይቀነስ የሚሉ ፖለቲከኞች ደጋግመው ሲያነሡት፣ ቃሉ በተራው ሕዝብ ጆሮ ሳይሠራ የሚጠብቅን ሰው የሚወቅስ ድምፅ አበጀ።

አማርኛችንም ከዚህ ፈተና አላመለጠም። «የሚገባው» ስንል ክብር አለው፤ «ይገባኛል ባይ» ስንል ግን ጭቅጭቅ ይሸታል። ሥሩ አንድ ሆኖ ሳለ ቅርጹ ሲለወጥ ፍርዱም አብሮ ይለወጣል። ስለዚህ «የሚገባ ጥቅም» ያሉት ለእኔ ይሻላል።

መልስ 2 (ከሒሳብ ሠራተኛ)

ከላይ የተጻፈውን አከብራለሁ፤ ሆኖም «የሚገባ» የሚለው ቃል ገንዘቡ ከየት እንደ መጣ አይናገርም። ከሠራተኛው ደመወዝ 6.2 በመቶ፣ ከአሠሪው ሌላ 6.2 በመቶ፣ ለሜዲኬር (ለአረጋውያን የጤና መድን) ደግሞ ከየወገኑ 1.45 በመቶ በየክፍያው ይቆረጣል። በ1939 የወጣው የፊካ ሕግ በስሙ የሚጠራው «የኢንሹራንስ መዋጮ» ብሎ ነው። ሩዝቬልት ራሳቸው መዋጮው የተደነገገው ለኢኮኖሚ ስሌት ሳይሆን ለፖለቲካ እንደ ነበረ፣ ይኸውም የከፈለ ሰው መብት እንዲሰማውና ማንም ፖለቲከኛ ፕሮግራሙን ሊያፈርሰው እንዳይችል እንደ ሆነ በ1941 ተናግረዋል። እኔ ብሆን «ሠርተው ያዋጡት ጡረታ» ብዬ በግልጽ እጽፋለሁ። እኚያ አባት ጣታቸውን ያሳረፉበት መስመር ምስክር ነው።

መልስ 3 (ከሕግ ባለሙያው፣ በድጋሚ)

ወንድሜ፣ ልብዎ ወዴት እንዳለ ገብቶኛል፤ ነገር ግን «ያዋጡት» የሚለው ቃል አንባቢው ገንዘቡ በስሙ ተቀምጦ የሚጠብቀው እንዲመስለው ያደርጋል። የመጀመሪያዋ የወር ክፍያ ተቀባይ የቨርሞንቷ አይዳ ሜይ ፉለር ጥር 1940 ላይ 22.54 ዶላር ተከፈላቸው፤ በሥራ ዘመናቸው የከፈሉት በጠቅላላው 24.75 ዶላር ሲሆን እስከ ዕለተ ሞታቸው የተቀበሉት ከ22 ሺህ ዶላር በላይ ነው። የዛሬ ሠራተኛ የዛሬን አረጋዊ ይጦራል። «ጡረታ» ከመጦር የመጣ ቃል ስለሆነ ይህን አሠራር ከእንግሊዝኛው ይልቅ የእኛው ቃል ይገልጸዋል ብል አላጋነንኩም።

ከዚህም የሚከብደው በ1960 የተወሰነው የፍሌሚንግና የኔስተር ጉዳይ ነው። ኔስተር ከቡልጋሪያ የመጡ ስደተኛ ነበሩ፤ ለ19 ዓመታት ያህል መዋጮ ሲከፈልላቸው ኖረው፣ ቀድሞ የኮሚኒስት ፓርቲ አባል ነበሩ ተብለው በ1956 ከአገር ሲባረሩ ክፍያቸው ተቋረጠ። ፍርድ ቤቱ በ5 ለ4 ድምፅ መዋጮ መክፈል የንብረት መብት አያስገኝም፤ ኮንግረስ ሕጉን የመለወጥ ሥልጣን አለው አለ። እንደ እኛ ባለ ስደተኛ ላይ የተፈረደ ስለሆነ ሳነበው ሁልጊዜ ልቤን ይነካኛል። የአረጋውያኑ ዋስትና ሕጉና ሕጉን የሚጠብቅ መራጭ እንጂ የደመወዝ ወረቀቱ ብቻ እንዳይደለ ሊያውቁ ይገባል።

መልስ 4 (ከአንዲት ልጅ)

እስካሁን ያልተነሣ ነገር ስላለ ነው የምጽፈው። እናቴ ወደዚህ አገር የመጡት በሰባ ዓመታቸው ነው፤ አንድ ቀን እንኳ ደመወዝ አልተቀበሉም፤ የሚኖሩት በኤስኤስአይ (ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች በሚሰጠው ክፍያ) ነው። ይህ ክፍያ በጥር 1974 የተጀመረ ሲሆን ገንዘቡ ከፊካ ሳይሆን ከጠቅላላው የመንግሥት ገቢ ይወጣል፤ የሚያስተዳድረው ግን ያው የሶሻል ሴኩሪቲ መሥሪያ ቤት ስለሆነ ደብዳቤው በአንድ ዓይነት ፖስታ ይመጣል። «ሠርተው ያዋጡት» የሚለው ትርጉም በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ሲነበብ እስቲ በዓይነ ሕሊናዎ ይመልከቱ። ግማሾቹ ቀና ይላሉ፤ እንደ እናቴ ያሉት አንገታቸውን ይደፋሉ። እናቴ አንድ ቀን «እኛስ የሰው ነው የምንበላው?» ብለውኛል። ለአንዱ ክብር ለመስጠት የመረጥነው ቃል ሌላውን ለማኝ ሊያደርገው አይገባም። እናቴም ሕጉ የጠየቀውን መስፈርት አሟልተዋል፤ ስለዚህ በሕግ ቋንቋ የእርሳቸውም «የሚገባ» ነው።

ከተርጓሚዋ

የመጨረሻው መልስ ያላሰብኩትን አሳየኝ። ከእንግዲህ ሁለቱን ለያይቼ እጽፋለሁ። ፊካ ለከፈለው «በመዋጮ የተመሠረተ የጡረታ ክፍያ»፣ ለኤስኤስአይ «ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች በሕግ የተደነገገ ክፍያ» እላለሁ፤ ሁለቱን በአንድነት ስጠራ ደግሞ «በሕግ የሚገባ ክፍያ»። ፖለቲከኛ የተናገረውን ስተረጉም ግን «ኤንታይትልመንት»ን እንዳለ በፊደላችን አስቀምጬ ተናጋሪው በምን ስሜት እንደ ተጠቀመበት በአንድ ዓረፍተ ነገር አስረዳለሁ፤ የእርሱን ወቀሳ ወይም ውዳሴ የእኔ ማድረግ አልፈልግም። ነገ ጠዋት ያንን አባት አገኛቸዋለሁ፤ የኔስተርን ታሪክ ግን እንዴት አድርጌ ሳላስደነግጣቸው እንደምነግራቸው ገና እያሰብኩበት ነው።