ክረምቱን የሚያሻግር ባለ ብዙ ቅጽ ልብ ወለድ፦ ከየቱ ይጀመራል?

የቀበናዋ፦

ሰላም ለቤቱ። ከሐምሌ 1 እስከ ጳጉሜን 5 ያለው 65 ቀን ነው። በቀን 30 ገጽ ቢነበብ ወደ 2000 ገጽ ይጠጋል። ስለዚህ የምፈልገው አንድ መጽሐፍ ሳይሆን አንዱ ሲያልቅ ሌላው የሚቀበለው፣ ገብተው የሚጠፉበት ልብ ወለድ ነው። በአማርኛ ይሁን፤ ትርጉምም ቢሆን አልጠላም። ጥያቄዬ ሦስት ነው። ታሪኩ እውነት ይቀጥላል ወይስ የሚያያይዘው የደራሲው ስም ብቻ ነው? ቅደም ተከተሉ እንዴት ነው? አንባቢ አብዛኛውን ጊዜ የት ላይ ይተወዋል፣ ለምንስ? መጨረሻውን የሚነግረኝ ሰው ካለ ግን ተጣላን።

ሌላው፣ ቤቱ ክረምት ላይ ስለሚያረጥብ መጽሐፍ ከሻጋታ እንዴት እንደሚጠበቅ የምታውቁ ጣል አድርጉልኝ።

አሮጌ ተራ፦

እህቴ፣ የመጀመሪያው ጥያቄሽ ዋናው ነው። በእኛ አገር ተከታታይ እየተባለ የሚሸጠው ሁሉ ተከታታይ አይደለም። ታሪኩ ከቅጽ ወደ ቅጽ የሚሻገርበት መጽሐፍ ጥቂት ነው፤ ከጥቂቶቹ ደግሞ ያለ አግባብ የተረሳው የብርሃኑ ዘሪሁን «ማዕበል» ነው። ሦስት መጽሐፍ ነው፦ «የአብዮት ዋዜማ»፣ «የአብዮት መባቻ»፣ «የአብዮት ማግስት»። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ተከታትለው የወጡ ናቸው፤ የወሎን ረሃብና የ1966ቱን አብዮት ይዘው ይጓዛሉ።

ቅደም ተከተሉ ራሱ ርዕሱ ላይ አለ። ሰው ግን ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ያምታታል። መባቻ ወሩ የሚገባበት የመጀመሪያው ቀን ነው፤ ማግስት ከዋናው ቀን ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ስለዚህ ዋዜማ፣ መባቻ፣ ማግስት ብለሽ ያዢው። «ማዕበል አለህ?» ብለሽ ብቻ ከጠየቅሽ ሻጩ እጁ ላይ ያለውን ቅጽ ያቀብልሻል፤ ሙሉ ርዕሱን ጥሪለት።

ብርሃኑ ጋዜጠኛ ስለነበር አረፍተ ነገሩ አጭር ነው፤ ያዝ ለቀቅ እያደረገ ይነዳሻል። 30 ያልሽው ገጽ ሳታውቂው 50 ይሞላል። ሰው የሚተወው መጀመሪያው ቅጽ ላይ፣ ረሃቡ ሲከብድበት ነው። ያንን ክፍል ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው በሌሊት ከማንበብ ቀን ላይ ማንበብ ይሻላል።

አሮጌ መጽሐፍ ስትገዢ ደግሞ በሽፋኑ አትታለዪ፤ ገጹን ቁጠሪ። መጽሐፍ ሲታተም ወረቀቱ ብዙ ጊዜ የሚታጠፈው በ16 በ16 ገጽ ስለሆነ ጥፋት ሲኖር አንድ ገጽ ሳይሆን 16 ገጽ ባንዴ ይጎድላል፣ ወይም ያው 16 ገጽ ሁለቴ ይገባል። ከ16 ወደ 17፣ ከ32 ወደ 33፣ ከ48 ወደ 49 መሻገሩን እዚያው ቆመሽ እዪ። ፊደሉ የደበዘዘና ዳር ዳሩ የተቆረጠ ከሆነ ከመጽሐፍ ላይ የተገለበጠ ሕገ ወጥ ቅጂ ሊሆን ይችላል፤ ያንን ተዪው።

ሌሊት ዘጠኝ፦

አሮጌ ተራ ክረምቱን ሊያስለቅሳት ነው እንዴ? «ገብቼ ልጥፋ» ላለ ሰው የይስማዕከ ወርቁ ሦስቱ መጽሐፎች አሉ፦ «ዴርቶጋዳ»፣ «ራማቶሓራ»፣ «ዣንቶዣራ»። በዚሁ ቅደም ተከተል። ታሪኩ በእርግጥ ይቀጥላል፤ «ራማቶሓራ»ን ነጥሎ የጀመረ ሰው ማን ማንን እንደሚያሳድድ ሳይገባው ያስቀምጠዋል። ስለላ፣ ሕክምና፣ የህዋ ሳይንስና የጣና ገዳም ተቀላቅለው ነው የሚመጡት።

የሚያስቸግረው ምን መሰላችሁ? «ይሄ እንዴት ይሆናል?» እያሉ በየገጹ የሚከራከሩ አንባቢዎች ሃምሳኛው ገጽ ላይ ይደክማቸዋል። ነገሩን እንደ ተረት ተቀብሎ መሮጥ ነው። ሌላው የስሞቹ ነገር ነው፤ እንግዳ ስም ይበዛል። አንድ ብጣሽ ወረቀት ዕልባት አድርጊና ስሙን ከነሥራው ጻፊበት፤ ወደ ሁለተኛው ቅጽ ስትሻገሪ ወረቀቷም አብራ ትሻገር።

የቅኔ ደጅ፦

ሐዲስ ዓለማየሁስ? «ፍቅር እስከ መቃብር»፣ «ወንጀለኛው ዳኛ»፣ «የልም እዣት»። ሦስቱን ደርድረሽ አንብቢ፤ ክረምቱ አለቀ።

አሮጌ ተራ፦

የቅኔ ደጅ፣ ይሄ ነው የሚያሳስተው! ሦስቱ በ1958፣ በ1974 እና በ1980 የወጡ የአንድ ደራሲ ሥራዎች ናቸው እንጂ አንድ ታሪክ አይደሉም። የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ባለታሪኮችን፣ በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን፣ «ወንጀለኛው ዳኛ» ውስጥ የሚፈልግ ሰው አያገኛቸውም። ሦስቱን በቅደም ተከተል ማንበብ ጥሩ ነው፤ ግን ቀጣይ ክፍል እየጠበቀች እንዳትገዛ።

የቅኔ ደጅ፦

እሺ፣ ልክ ነህ፤ እርማቱን ተቀብያለሁ። ግን «ፍቅር እስከ መቃብር» ብቻውን ከ500 ገጽ በላይ ስለሆነ በቀን 25 ገጽ ቢሄድ ሦስት ሳምንት ይይዛል። ሰው የሚተወው የት እንደሆነም ልንገራት። ሁሉም የፍቅር ታሪክ ነው ብሎ ይከፍተዋል፤ መጽሐፉ ግን ማንኩሳ ላይ በበዛብህ ወላጆች ነው የሚጀምረው። ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ እንዴት እንደተጋቡ፣ ልጁ እንዴት በስለት እንደተሰጠ ይተረካል። ትዕግሥት ያጠረው አንባቢ «ሰብለ የት አለች?» እያለ ገጽ ይዘላል። መዝለል ስህተት ነው። ያ ስለት የጠቅላላው ታሪክ ሞተር ነው፤ እሱን የዘለለ ሰው በዛብህ በኋላ ለምን እንደዚያ እንደሚጨነቅ አይገባውም። በዛብህ ዲማ ደርሶ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት እስኪገባ ታገሺ፤ ከዚያ ወዲያ መጽሐፉ ራሱ ይይዝሻል። ጉዱ ካሣ የሚባለው ሰው በመጣ ቁጥር ደግሞ ፍጥነት ቀንሺ፤ የሚናገረው እንደ ቀልድ ይጀምርና ቀልድ ሆኖ አያልቅም።

አንድ ሌላ ነገር። ፊደሎቹ ላይ ነጥብ ነጥብ ታያለሽ። የማተሚያ ቤት ቆሻሻ እንዳይመስልሽ። ሐዲስ ጠብቆ የሚነበበውን ፊደል ለመለየት ሆን ብለው ያደረጉት ምልክት ነው። ለምሳሌ «ገና» ሲላላ «ገና አልመጣም» የምንለው ነው፤ «ና» ሲጠብቅ የልደት በዓል ነው። በአማርኛ ልብ ወለድ ይሄን ያደረገ ደራሲ ብርቅ ነው። ነጥቧን ልብ ብለሽ ጮክ ብለሽ ሁለት ገጽ ካነበብሽ ዜማው ይገባሻል።

ዓይን ለደከመው ሰው ደግሞ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ላይ የተረከው አለ። መብራት በጠፋ ማታ ከሻማ ጋር ከመታገል እሱን መስማት ይሻላል። መስማትና ማንበብ ስታቀላቅዪ ያቆምሽበትን ዓረፍተ ነገር በእርሳስ ምልክት አድርጊበት፤ አለዚያ አንዱን ምዕራፍ ሁለቴ ትሄጅበታለሽ።

የግርጌ ማስታወሻ፦

አዳም ረታን ማንም አልጠራም? የአዳም መጽሐፍ ቅጽ አንድ፣ ቅጽ ሁለት ተብሎ አይቀጥልም፤ ግን ከብዙ ተከታታይ በላይ የተጠላለፈ ነው። ራሱ «ሕጽናዊነት» የሚለው አጻጻፍ አለው፤ መነሻው እንጀራ ነው። የእንጀራ ዓይን እያንዳንዱ ለብቻው ነው፣ ሁሉም ግን አንድ እንጀራ ላይ ነው። ትረካውም እንደዚያ ነው፤ አንዱ ታሪክ ላይ በዳር ያለፈ ነገር ሌላው ላይ መሐል ሆኖ ይመጣል።

«የስንብት ቀለማት» ወይም «መረቅ» ወፍራም ነው ብሎ ከዚያ የሚጀምር ሰው ግን ይሸነፋል። እንዲህ ሂጂ፦ መጀመሪያ አጫጭሮቹን፣ «አለንጋና ምስር»ን ወይም «እቴሜቴ ሎሚ ሽታ»ን። ቀጥሎ «ግራጫ ቃጭሎች»ን፤ እዚያ ዋናውን ባለታሪክ መዝገቡ ዱባለን ከለመድሽ አዳምን ለመድሽ ማለት ነው። ወፍራሞቹን ከዚያ በኋላ። የግርጌ ማስታወሻ ሲመጣ አትዝለዪ፤ ቀልዱም ቁም ነገሩም እዚያ ይደበቃል። ሁለት ዕልባት ያዢ፣ አንዱን ለዋናው፣ አንዱን ለማስታወሻው። በቀን 30 ገጽ የሚለውን ሒሳብም እርሺው፤ አዳም በቀን 15 ነው። እንደ ወጥ ሰፌድ ሙሉ አይበላም።

አሮጌ ተራ፦

ወጥ በሰፌድ የሚበላው የት አገር ነው?

የግርጌ ማስታወሻ፦

ጣቴ ነው፤ በእንቅብም በሰፌድም ይሁን፣ ነጥቡ ገብቷችኋል። 😄

በረዶው ስር፦

ከሚኒያፖሊስ ነኝ። እዚህ ክረምት የሚባለው እናንተ ጋ በጋ ሲሆን ነው፤ ታኅሣሥ ላይ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል አካባቢ ይጨልማል። ስለዚህ ለውጭ አገር ክረምት የሚሆን አንድ ትርጉም ልጨምር። ነቢይ መኮንን የተረጎመው «ነገም ሌላ ቀን ነው»። የማርጋሬት ሚሸል መጽሐፍ ነው፣ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን። ነቢይ በደርግ ጊዜ ማዕከላዊ እስር ቤት ታስሮ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ነው የተረጎመው። ያንን እያሰቡ ሲያነቡት አማርኛው ለምን እንደዚያ እንደሚፈስ የበለጠ ይገርማል። ተከታታይ አይደለም፤ ውፍረቱ ግን ይክሳል። የፈረንጅ ስም በግእዝ ፊደል ሲጻፍ ይምታታልና «ሌሊት ዘጠኝ» ያለው የስም ወረቀት እዚህም ይሠራል።

አገር ቤት የሚያስገዛ ሰው ክብደቱን ያስብ። 500 ገጽ ያለው መጽሐፍ ከግማሽ ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ አራት መጽሐፍ ማለት የአንድ ዘመድ በርበሬ ቦታ ነው። ሁለት ሁለት እያደረጉ ለተለያየ መንገደኛ መስጠት ይሻላል፤ ቅጽ አንድን ቀድሞ ለሚመጣው።

ሙጫና ክር፦

የእርጥበቱን ጥያቄ ሁሉም ዘለለው። መደርደሪያው ከግድግዳው ቢያንስ 5 ሴንቲሜትር ይራቅ፣ ከወለል 10 ሴንቲሜትር ከፍ ይበል፤ ዝናብ የሚመታው የውጭ ግድግዳ ላይ አይደገፍ። መጽሐፎቹን አታጣብቂያቸው፤ መሐላቸው ጣት የማይገባ ከሆነ አየርም አይገባም። ትልቁ ስህተት በፌስታል ጠቅልሎ ማስቀመጥ ነው። ዝናብ ላይ ለመያዝ ፌስታል ጥሩ ነው፤ ቤት ገብቶ እዚያው ውስጥ ከከረመ ግን እርጥበቱ መውጫ ያጣና ሻጋታውን ራሱ ያሳድገዋል።

የረጠበ መጽሐፍ ከከሰል ማንደጃ አጠገብ ወይም ቀጥታ ፀሐይ ላይ አይሰጣም፤ ገጹ ይጨማደዳል፣ ሙጫው ይለቃል። በየ10 ቅጠሉ ነጭ ለስላሳ ወረቀት አስገቢበት፣ በየጥቂት ሰዓቱ ቀይሪው። ጋዜጣ አይሁን፤ ቀለሙን ገጹ ላይ ያትመዋል። የሻገተውን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግም ሻጋታውን ማዳረስ ነው። መጀመሪያ ይድረቅ፤ ከዚያ አፍና አፍንጫሽን ሸፍነሽ ውጭ ላይ በለስላሳ ብሩሽ አራግፊው።

ወፍራሞቹ መጽሐፎች በክር ሳይሆን በሙጫ ብቻ ከተያያዙ መሐሉ ላይ በኃይል አትክፈቻቸው፤ ጀርባው ይሰነጠቅና ገጹ እየተነቀለ ይወጣል። አዲስ ሲሆን ጀርባውን ጠረጴዛ ላይ አቁመሽ መጀመሪያ ሽፋኖቹን፣ ከዚያ ከፊት 10 ቅጠል፣ ከኋላ 10 ቅጠል እያልሽ በቀስታ ወደ መሐል ሂጂ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

የቀበናዋ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። «ዋዜማ»ና «ማግስት» ተገኝተዋል፤ «መባቻ» ጠፋ። ልጀምር ወይስ ሦስቱ እስኪሟሉ ልጠብቅ? የዓለማየሁ ዋሴ «እመጓ»ስ ተከታታይ ነው?

ሌሊት ዘጠኝ፦

«እመጓ»ን ጀምሪው፤ ቀጥሎ «ዝጎራ» አለ። መንዝ ድረስ ይወስድሻል። ለየብቻም ይነበባሉ፤ ግን «እመጓ» ቢቀድም ይሻላል።

አሮጌ ተራ፦

«ዋዜማ»ን ጀምሪ። እሱን እስክትጨርሺ የመፈለጊያ ጊዜ አለሽ። ካልተገኘ መሐል ላይ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አስገቢና ጠብቂ፤ ወደ «ማግስት» ግን አትዝለዪ፤ ሁለተኛውን ቅጽ ሰው በወሬ ነግሮሽ ሦስተኛውን ማንበብ ሠርጉን ሳያዩ መልሱ ላይ እንደመገኘት ነው። ከቀበና ደግሞ ወመዘክር፣ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ሩቅ አይደለም። መጽሐፉን ወደ ቤት አይሰጡሽም፤ እዚያው ተቀምጠሽ ነው የምታነቢው። ጠዋት ሂጂ፣ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ይይዝሻል። መታወቂያሽንም ያዢ።