ኤሲዬን ላስጠግነው ወይስ ልቀይረው?

ሰላም ወገኖች። የምኖረው ዳላስ አጠገብ፣ ጋርላንድ ነው። የቤቴ ኤሲ 18 ዓመቱ ነው። ከሰኞ ጀምሮ ንፋስ ይሰጣል እንጂ አያቀዘቅዝም። ፊልተሩን ቀየርኩ። የውጪው ማሽንም ይሠራል። ወፍራሙ የመዳብ ቱቦ ግን በረዶ ይዟል። አጥፍቼ አቀለጥኩት፤ በማግስቱ ያው ሆነ።

የመጣው ባለሙያ "ጋዙ እየፈሰሰ ነው፣ አዲስ ግዛ" አለኝ። ማሽኑ የሚሠራው አር-22 በሚባል የማቀዝቀዣ ጋዝ ነው። ይህን ጋዝ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ማምረትም ማስገባትም ስለተከለከለ፣ የቀረው በጣም ውድ ነው። እሱስ ይገባኛል። ቀዳዳው የት እንዳለ ግን እንኳን ሊፈልግ ዞር ብሎም አላየ። የከነከነኝ ይሄ ነው።

እናቴ አብራኝ ናት፤ ደም ግፊት አለባት። ሙቀቱ ሌሊት እንቅልፍ ነስቷታል። ቀዳዳውን አስፈልጌ ላስደፍን ወይስ ገንዘቡን ለአዲሱ ልያዘው? በቅርብ የቀየራችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ቶሎ ንገሩኝ።