የሲ ስፔል ቼከሬ በእንግሊዝኛ ይሰራል፣ አማርኛ ስሰጠው ላፕቶፕ ላይ ይከሰከሳል፣ ስልክ ላይ ደግሞ 0 ቃል ይላል

ሲ_ተማሪዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ የሲ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ገና ጀማሪ ነኝ እና አንድ ነገር ግራ ገብቶኝ ነው። ለልምምድ ብዬ ስፔል ቼከር እየሰራሁ ነው፣ ያው የተለመደው ዓይነት፣ የቃላት ዝርዝር ያለበትን ፋይል ይከፍትና ቃላቱን ሃሽ ቴብል ውስጥ ሎድ ያደርጋል (ቃሉ ከራሱ በሚሰላ ቁጥር የሚመደብባቸው 26 ባኬቶች ማለትም ሳጥኖች፣ እያንዳንዱ ሊንክድ ሊስት፣ በሰንሰለት የተያያዘ ዝርዝር)፣ ከዛ ጽሑፍ ሲሰጡት ቃል በቃል እየፈለገ ያላገኘውን ስህተት ብሎ ያወጣል። በእንግሊዝኛ ዝርዝር ምንም እንከን አይወጣለትም፣ ቫልግራይንድም (ሜሞሪ የሚቆጣጠረው መሣሪያ) አንድም ሊክ የለም ነው የሚለኝ። ዝርዝሩን ወደ አማርኛ ልቀይር ስል ነው ጉዱ የመጣው። ላፕቶፔ ላይ (ኡቡንቱ ነው) ገና የመጀመሪያውን ቃል ሲያስገባ ሴግመንቴሽን ፎልት (ያልተፈቀደለትን ሜሞሪ ነካ) ብሎ ይወጣል። ያንኑ ኮድ ስልኬ ላይ ተርሙክስ (የአንድሮይድ ተርሚናል) ውስጥ ኮምፓይል ሳደርገው ግን ምንም አይልም፣ ዝርዝሩን ሎድ አድርጎ ይጨርሳል፣ ጽሑፍ ስሰጠው ደግሞ «በጽሑፉ ያሉ ቃላት 0» ይለኛል። ጽሑፉ እኮ ሁለት ገጽ ነው! አንድ ኮድ ሁለት ቦታ እንዴት ለየብቻ ይበላሻል?

ሃሽ ፈንክሽኔ (ባኬቱን የሚመርጠው) ቀላል ነው፣ የቃሉን የመጀመሪያ ካራክተር በቱአፐር ካፒታል ያደርግና ካፒታል ኤን ይቀንስበታል፣ ለ26 አካፍሎ ቀሪውን ይመልሳል፣ የሚመልሰው አንሳይንድ ኢንት (ኔጌቲቭ የማይሆን ሙሉ ቁጥር) ነው። ጂዲቢ (ስህተት መፈለጊያውን) ከፍቼ ሳየው ኢንዴክሱ 4294967278 ነው የሚለው። ይሄ ቁጥር ከየት መጣ?? ኮዱን በስክሪንሾት አያይዣለሁ።

ባይት_ቆጣሪ፦

ኮድ በስክሪንሾት አይለጠፍም እህቴ፣ ማን ቁጭ ብሎ ይገለብጥልሻል። ደግነቱ ጂዲቢ ከፍተሽ ኢንዴክሱን ስለጻፍሽው ኮዱን ሳላየውም ይበቃኛል።

ያን ቁጥር ከ4294967296 ላይ ቀንሺው፣ 18 ይመጣል። ፈንክሽንሽ ያሰላው −18 ነው፣ መላሹ አንሳይንድ ስለሆነ ግን ዞሮ ከላይ በኩል ትልቅ ቁጥር ሆኖ ወጣ። ቴብልሽ ላይ አንዱ ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ) 8 ባይት ነው፣ ስለዚህ ፕሮግራሙ ከቴብሉ ወደ 34 ጊጋባይት ርቆ ሊጽፍ ነው የሞከረው፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ደግሞ እዛ ምን ትሰራለህ ብሎ ገደለው።

−18 ከየት መጣ ካልሽ፣ ሲ ውስጥ ቻር ማለት አንድ ባይት ነው፣ የአማርኛ ፊደል ግን በዩቲኤፍ 8 (ፊደል ወደ ባይት በሚቀየርበት ስርዓት) 3 ባይት ይይዛል። ሀ 225፣ 136፣ 128 ነው። ሰ 225፣ 136፣ 176። መደበኛው ፊደል ከሀ እስከ ፐ የመጀመሪያ ባይቱ 225 ነው፣ አንድም የሚለይ የለም፣ አንቺ ደግሞ የምታዪው እሱን ባይት ብቻ ነው። ላፕቶፕሽ ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ወይ ኤኤምዲ ይመስለኛል፣ እዛ ላይ ጂሲሲ (ኮምፓይለሩ) ቻርን ከ−128 እስከ 127 አድርጎ ነው የሚይዘው፣ ስለዚህ 225 የነበረው −31 ሆኖ ይነበባል። ከሱ ላይ ካፒታል ኤ ማለትም 65 ሲቀነስ −96፣ −96 ለ26 ሲካፈል ቀሪው −18 (ሲ የቀሪውን ምልክት ከተካፋዩ ነው የሚወስደው፣ ፓይተን ቢሆን 8 ይልሽ ነበር)።

ስልክሽ ኤአርኤም ነው፣ አንድሮይድ ላይ ኤአርኤም ቻርን ያለ ምልክት ነው የሚይዘው፣ ከ0 እስከ 255። 225 ሲቀነስ 65 እኩል ይሆናል 160፣ ለ26 ተካፍሎ ቀሪው 4። ስለዚህ አይከሰከስም፣ ግን ያለሽን የአማርኛ ቃል በሙሉ ቁጥር 4 ባኬት ውስጥ ነው እየከመረ ያለው፣ ሌሎቹ 25ቱ ባዶ ናቸው። ሃሽ ቴብል መሆኑ ቀርቶ አንድ ረጅም ሊንክድ ሊስት ሆኗል ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር ከላፕቶፑ የባሰው የስልኩ ነው፣ የተከሰከሰው ቢያንስ ተናግሯል።

0 ቃል የሚልሽም በዚሁ ምክንያት ነው። ጽሑፉን ካራክተር በካራክተር እያነበብሽ ኢዝአልፋ (ፊደል መሆኑን የሚያጣራውን ፈንክሽን) እየጠራሽ መሆን አለበት፣ እሱ ደግሞ ኤ እስከ ዜድ ካልሆነ አያውቅም። ከ127 በላይ ያለውን ባይት ሁሉ ፊደል አይደለም ብሎ ስለሚያልፈው አንድ ቃል እንኳ አይጀምርልሽም።

ሊንክድ_ሊስት_አባት፦

ከላይ ያለው ልክ ብሏል፣ መፍትሄውን ልጨምርልሽ። አንደኛ ቃሉን ሃሽ ፈንክሽኑ ውስጥ ወደ አንሳይንድ ቻር ፖይንተር ካስት አድርጊው (ባይቱ ያለ ምልክት እንዲነበብ)፣ ያን ጊዜ ላፕቶፕና ስልክ አንድ ዓይነት መልስ ይሰጡሻል። ሁለተኛ በመጀመሪያ ፊደል ሃሽ ማድረግ ተዪው፣ ሁሉንም ባይት ተጠቀሚ። ለጀማሪ የሚበቃው የዳን በርንስታይን ዲጄቢ2 የሚሉት ነው፣ ከ5381 ትጀምሪያለሽ፣ በያንዳንዱ ባይት ያለሽን በ33 አባዝተሽ ባይቱን ትደምሪበታለሽ፣ መጨረሻ ላይ ለባኬት ብዛት አካፍለሽ ቀሪውን ትወስጃለሽ። ባኬቱንም 26 አታድርጊው፣ 26ቱ የእንግሊዝኛ ፊደል ቁጥር ነበር፣ አሁን ትርጉም የለውም፣ 65536 አድርጊው ግማሽ ሜጋባይት ብቻ ነው የሚወስደው።

ሌላው ኤፍስካንኤፍ (ከፋይል የሚያነበው ፈንክሽን) ላይ ፐርሰንት ኤስ («አንድ ቃል አንብብ») ብቻ ብለሽ ከሆነ የምታነቢው አደጋ ነው። የቃሉን አሬይ (ማስቀመጫ) 46 ባይት አድርገሽ ከሆነ (ብዙ ቱቶሪያል ላይ እንደዛ ነው) ለአማርኛ 15 ፊደል ብቻ ነው የሚይዘው። «እንደሚያንቀሳቅሷቸውም» 13 ፊደል ነው፣ 39 ባይት፣ ለጥቂት ነው የተረፈው። ድሮ የተተየበ ጽሑፍ ከሰጠሽው ደግሞ አለቀልሽ፣ ቃላቱ መሃል ሁለት ነጥብ እንጂ ባዶ ቦታ ስለሌለ መስመሩን በሙሉ አንድ ቃል ብሎ ይውጠውና አሬዩን አልፎ ይጽፋል። ከፐርሰንቱ ቀጥሎ ልኩን በቁጥር ጻፊ፣ አሬዩንም ሰፋ አድርጊው። እና ስትሞክሪ አድረስ ሳኒታይዘርን (ከሜሞሪ ወሰን ማለፍን የሚይዘውን) አብርተሽ ኮምፓይል አድርጊ፣ የትኛው መስመር ላይ እንዳለፍሽ በቁጥሩ ይነግርሻል።

ቡና_እና_ኮድ፦

ይሄ ሁሉ ባይት መቁጠር ለምን? ዋይድ ካራክተር እኮ ለዚሁ ነው የተሰራው። መጀመሪያ ሴትሎኬል (ቋንቋና የፊደል ስርዓት የሚመርጠውን) ጥሪ፣ ከዛ በኤፍጌትደብሊውሲ አንብቢ፣ በኢዝአልፋ ፈንታ ኢዝደብሊውአልፋ ተጠቀሚ፣ አንድ ፊደል አንድ ቁጥር ይሆንልሻል በቃ።

ባይት_ቆጣሪ፦

@ቡና_እና_ኮድ ሃሳቡ ጥሩ ነው፣ ግን ለጀማሪ ሁለት ወጥመድ አለው። ሴትሎኬሉን ከረሳችው ሲ በራሱ ሎኬል ነው የሚነሳው፣ አማርኛው አይነበብላትም፣ ለምን እንደሆነም አይነግራትም። ሁለተኛ አንድ ስትሪም (መውጫ) ላይ አንዴ ደብሊውፕሪንትኤፍ (የዋይድ ካራክተር ማተሚያውን) ከተጠቀመች ከዛ በኋላ ተራው ፕሪንትኤፍ ዝም ይላል፣ ስክሪኑ ላይ ምንም አይወጣም፣ ያኔ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይዛ ትመጣለች 😄

ለመፈለግ ብቻ ከሆነ ባይቱ ይበቃል። ስትርኮምፕ (ማነጻጸሪያው) ሁለት የዩቲኤፍ 8 ቃል አንድ መሆኑን ያለምንም ችግር ያውቃል፣ ሃሹም እንደዛው። ቃል መለየቱን ገልብጪው፣ «ይሄ ፊደል ነው ወይ» ከማለት «ይሄ መለያ ነው ወይ» በዪ። ባዶ ቦታ፣ አዲስ መስመር፣ የእንግሊዝኛ ስርዓተ ነጥቦች፣ በተጨማሪ የኛዎቹ። የኛዎቹም 3 ባይት ናቸው፣ 225፣ 141፣ ከዛ ሶስተኛው ከ161 እስከ 168 ከሆነ ከሁለት ነጥብ እስከ አንቀጽ መዝጊያው ድረስ ያለው ነው። አራት ነጥብ 162 ነው። ይሄን ካላደረግሽ «መጣ።» እና «መጣ» ሁለት የተለያዩ ቃላት ይሆኑብሻል።

ሲ_ተማሪዋ፦

በጣም ነው የማመሰግነው፣ ሰራ!! ላፕቶፑም ስልኩም አሁን አንድ ዓይነት ቁጥር ነው የሚሰጡኝ፣ ፍጥነቱም ሌላ ነው። ሁለት ነገር ግን ቀረኝ። ዝርዝሬ ላይ የመጀመሪያው ቃል «ሀብት» ነው፣ እሱን ብቻ ሁልጊዜ ስህተት ይለዋል፣ ፋይሉን ከፍቼ ሳየው አለ፣ በዓይኔ እያየሁት የለም ይለኛል። ሁለተኛው ዝርዝሬ ላይ «ሰላም» ነው ያለው፣ ጽሑፉ ላይ «ሠላም» ካለ ስህተት ይላል። ይሄኛው ስህተት ነው እንዴ?

ሊንክድ_ሊስት_አባት፦

የመጀመሪያው ቦም (የፋይል መነሻ ምልክት) ነው ባይ ነኝ። ዝርዝሩን ዊንዶውስ ላይ በኖትፓድ ነበር ሴቭ ያደረግሽው? የድሮው ኖትፓድ (ከ2019 በፊት የነበረው) በዩቲኤፍ 8 ሴቭ ሲያደርግ ፋይሉ መጀመሪያ ላይ የማይታዩ 3 ባይቶች ያስገባ ነበር፣ 239፣ 187፣ 191። እነሱ ከ«ሀብት» ጋር ተጣብቀው ነው የገቡት። ፋይሉን እንደከፈትሽ የመጀመሪያዎቹን 3 ባይት አይተሽ እነሱ ከሆኑ ዝለያቸው፣ ካልሆኑ ሪዋይንድ አድርጊ (ወደ ፋይሉ መጀመሪያ ተመለሺ)።

ሁለተኛው ላይ የኔ ሃሳብ ሞክሼዎቹን ወደ አንድ ማምጣት ነው። ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር የሚሰጠው ስርዓት) ላይ ቀላል ነው፣ ፊደሎቹ በስምንት በስምንት ነው የተደረደሩት። ሠ ላይ 16 ስትደምሪ ሰ፣ ሐ ላይ 16 ስትቀንሺ ሀ፣ ከኀ 128 ስትቀንሺም ሀ፣ ከዐ 48 ስትቀንሺ አ፣ ከፀ 8 ስትቀንሺ ጸ። ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉት እንዳሉ አብረው ይመጣሉ።

ቡና_እና_ኮድ፦

አልስማማም። ስፔል ቼከር እኮ ነው የምትሰራው! ሠውንም ሰውንም ዝም ብሎ ካሳለፈ ምኑን ስፔል ቼክ አደረገ? ሰው የሚሳሳተው በብዛት እዚሁ ላይ ነው፣ ዓመትን በአልፋው አ የሚጽፈው ስንት ነው።

ሊንክድ_ሊስት_አባት፦

ስንት ጋዜጣ ነው እሱን የሚጠብቀው ወንድሜ፣ ስራም ሥራም ይጻፋል። ለማንኛውም ሁለታችንንም የሚያስማማ መንገድ አለ፣ ኖዱ (የሊንክድ ሊስቱ አንድ ቋጠሮ) ውስጥ ሁለት ነገር ታስቀምጪያለሽ፣ የተስተካከለውን ለሃሹ፣ እንደተጻፈ ያለውን ደግሞ ለማነጻጸር። በተስተካከለው ተገኝቶ በዋናው ካልገጠመ «ስህተት» ከማለት «ሰላም ለማለት ነው?» ብሎ ይጠይቅ። ለሁለቱም ማሎክ ስታደርጊ (ሜሞሪ ስትይዢ) ለመጨረሻዋ ዜሮ ባይት አንድ መጨመር እንዳትረሺ፣ ሁለቱንም ከኖዱ በፊት ፍሪ አድርጊ (ሜሞሪውን መልሺ)፣ አለዚያ ቫልግራይንድ ይቆጣሻል።

ሲ_ተማሪዋ፦

ቦሙ ነበር! የሚጠይቀውን ነገር በጣም ወደድኩት፣ እሱን አደርጋለሁ። አሁን ደግሞ «በቤቱ»፣ «የቤቱ»፣ «ከቤቱ» ሁሉም ስህተት ነው የሚለው፣ ዝርዝሬ ላይ ቤት ብቻ ስላለ። ከፊት በ፣ የ፣ ለ፣ ከ ካለ ልቁረጠው?

ባይት_ቆጣሪ፦

መጀመሪያ ሙሉውን ፈልጊ፣ ከታጣ ብቻ ቁረጪ። አለዚያ ከበሮን «በሮ»፣ በቅሎን «ቅሎ» ታደርጊዋለሽ። ከፊት መቁረጡ 3 ባይት መዝለል ነው፣ ፖይንተሩን በ3 ማሳለፍ፣ ኮፒ እንኳ አያስፈልገውም። አስቸጋሪው ከኋላ ነው፣ «ቤቱ» ላይ ቱ የሚባለው ፊደል ራሱ ተቀይሯል እንጂ የተጨመረ ነገር የለም፣ ስለዚህ በባይት ቆርጠሽ ቤት አታገኚም። እዚህ ጋ ነው የ@ቡና_እና_ኮድ ዋይድ ካራክተር የሚጠቅመው። ተ የዩኒኮድ ቁጥሩ በሄክሳ (በ16 መሠረት ቆጠራ) 1270 ነው፣ ቱ 1271፣ ት 1275። በስምንት ስለተደረደሩ የመጨረሻዎቹ 3 ቢቶች እንዚራውን ይነግሩሻል፣ ካዕብ 1፣ ሳድስ 5። የመጨረሻው ፊደል 3 ቢቶች 1 ከሆኑ 5 አድርገሽ እንደገና ፈልጊ፣ ቤቱ ቤት፣ ልጁ ልጅ፣ በጉ በግ ይሆናል። ዶሮ ላይ ግን አይሰራም፣ ሳብዕ ስለሚያልቅ ዶሮው ነው የሚሆነው፣ እሱን ለብቻው ው ቆርጠሽ ሞክሪ።

በዚህ መንገድ ሩቅ ከሄድሽ ሃንስፔል እንዴት እንደሚሰራ እዪው፣ ሊብረኦፊስና ፋየርፎክስ የሚጠቀሙበት ነው፣ መነሻው እንደኛው ቃሉ ላይ ቅጥያ የሚደራረብበት የሃንጋሪ ቋንቋ ነው። ቃላቱን በአንድ ፋይል፣ የቅጥያ ደንቦቹን በሌላ ፋይል ነው የሚይዘው። አሁን ግን የቤቱን ጨርሺና ኮዱን በጽሑፍ ለጥፊው፣ በስክሪንሾት ከሆነ አላየውም።